7900 ሄርዝ በወፍጮ ቤት

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ቤታችን የመጣችው አንድ ቁጥር አስቸግሯት ነበር። ቁጥሩ 7900 ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ሕንፃው አልቆ የጤፍና የስንዴ ማሳው በሚጀምርበት ጥግ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ የሚገለገልበት አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ባለወፍጮዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ከገና ወዲህ የወፍጮው ድምፅ «ይርገበገባል» እያሉ ለሚመጣው ሁሉ ይናገሩ ነበርና፣ የምህንድስና ተማሪ የሆነችው ይህች ልጅ ወረፋ እየጠበቀች ሳለ ድምፁን በስልኳ ቀዳችው። ቤቷ ገብታ የአንድ ሴኮንድ ቁራጭ በፎሪየር ትራንስፎርም፣ ማለትም ድምፁ ከየትኞቹ ድግግሞሾች እንደተሠራ በሚያሳይ ስሌት ስትመረምር፣ በሥዕሉ ግራ ዳር አጠገብ 100 ሄርዝ ላይ (በሴኮንድ 100 ምልልስ ማለት ነው) አንድ ረጅም ጫፍ፣ በቀኙ መጨረሻ አጠገብ 7900 ሄርዝ ላይ ደግሞ ቁመቱ ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም እኩል የሆነ ሌላ ጫፍ አገኘች።

«ጋሼ፣ መቶው የሞተሩ እንደሆነ ገብቶኛል። ይኼኛው ግን እንደ ፉጨት ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ምንም ፉጨት አልሰማሁም» አለችኝ።

ከሥዕሉ ይልቅ ጆሮዋን ማመኗ ደስ አሰኘኝ፤ ትክክልም ነበረች። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው መልስ «የላይኛውን ግማሽ ጣለው፣ ነጸብራቅ ነው» የሚል ነበር። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ለአብዛኛው ሥራም ይበቃል። ነገር ግን ነጸብራቁ ከየት እንደመጣ ያልገባው ሰው ሲጥለው ያጎድላል፣ ሲያባዛ ያበዛል፣ አንዳንዴም የሚፈልገውን ነገር አብሮ ይጥለዋል። በዚያ ሳምንት በወፍጮ ቤቱ የሠራነውን በዝርዝር የምጽፈው ያንን አጭር መልስ በረጅሙ ለመተካት ነው።

በመጀመሪያ ስልኩ ምን እንደቀዳ እንመልከት። የልጅቷ የድምፅ መቅጃ የተስተካከለው በሴኮንድ 8000 ናሙና እንዲወስድ ነበር፤ ይህ በዲጂታል ስልክ ዘንድ የተለመደ መጠን ነው፤ ለንግግር የሚበቃው የድግግሞሽ ክልል ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ገደማ ተደርጎ ስለሚወሰድ። በሴኮንድ 8000 ጊዜ የአየሩ ግፊት ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት አንድ ቁጥር ይሆናል፤ በሁለት ልኬቶች መካከል የሆነው ነገር አይመዘገብም። ሃሪ ናይክዊስት በ1928፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከጻፏቸው ሥራዎች እንደምንረዳው፣ ከናሙናው መጠን ግማሽ በታች ያለው ድግግሞሽ ብቻ ነው ከናሙናዎቹ ያለ ጥርጥር ሊመለስ የሚችለው። ስለዚህ ከ4000 ሄርዝ በላይ ያለ ድምፅ በዚህ ቅጂ ውስጥ በራሱ ስም ሊገኝ አይችልም። በደንብ የተሠራ መቅጃም ከ4000 በላይ ያለውን ድምፅ ናሙና ከመውሰዱ በፊት በማጣሪያ ያስቀረዋል፤ ካላስቀረው ድምፁ ሌላ ድግግሞሽ መስሎ ወደ ታችኛው ክልል ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ በምንም ስሌት ተለይቶ አይወጣም። እንግዲህ ልጅቷ ያየችው 7900 የፉጨት ድምፅ አለመሆኑን ከዚህ ብቻ ማወቅ ይቻል ነበር። ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

ትራንስፎርሙ የሚሠራው ሥራ ያለ ፎርሙላም ሊነገር ይችላል። ለእያንዳንዱ የድግግሞሽ መደብ፣ መሐንዲሶች ቢን ለሚሉት፣ በዚያው ፍጥነት የሚሽከረከር አንድ ቀስት ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱን ናሙና በየተራው ቀስቱ በሚያመለክተው አቅጣጫ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ሁሉንም ይደምራል። በቅጂው ውስጥ በዚያ ፍጥነት የሚመላለስ ነገር ካለ ድምሩ ወደ አንድ ወገን ይከማቻል፤ ከሌለ አንዱ ሌላውን እያጠፋ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ድምሩ ርዝመትም አቅጣጫም ስላለው በኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ማለትም ሪልና ኢማጂናሪ በሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ጥንድ ይጻፋል፤ ርዝመቱ የሞገዱን ትልቅነት፣ አቅጣጫው ደግሞ ሞገዱ ከየት እንደጀመረ፣ ማለትም ፌዙን ይነግረናል። ዦዜፍ ፎሪየር ሐሳቡን በ1807 ለፓሪስ ኢንስቲትዩት ሲያቀርብና በ1822 በመጽሐፍ ሲያሳትመው ያሳሰበው ስለ ድምፅ ሳይሆን ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ስለሚሰራጭበት መንገድ ነበር። ለ8000 ናሙና ሥራውን በቀጥታ ለመሥራት 64 ሚሊዮን ማባዛት ያስፈልጋል፤ ጄምስ ኩሊና ጆን ቱኪ በ1965 ያሳተሙት ፈጣን ዘዴ፣ ጋውስም በ1805 ገደማ ጽፎት ከሞተ በኋላ በ1866 የታተመለት ዘዴ፣ ይህንን ወደ መቶ ሺህዎች ያወርደዋል። የተማሪዋ ላፕቶፕ ስሌቱን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጸብራቁ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ወረቀት ላይ ከመሳል ይልቅ ልጅቷን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሞተሩ ቆሟል፤ ሴቶቹም ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። የሞተሩ ማብሪያ መጥፋቱን ካረጋገጥን በኋላ በእትዬ ፈቃድ አንድ እርሳስ ከሞተሩ ፑሌጃ (ችንጋው ከሚጠመጠምበት መሽከርከሪያ) ፊት ወደ ውጭ ብቅ እንዲል አድርገን ጠርዙ አጠገብ በፕላስተር አሰርን። እኔ ፑሌጃውን በእጄ በዝግታ ሳዞር፣ ልጅቷ መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆማ አየች። እርሳሱ ክብ ይሠራል፤ ወደ የትኛው ወገን እንደሚዞርም ግልጽ ነው። ቀጥዬ ከጎን አቆምኳትና አንድ ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኳት። አሁን የሚታየው እርሳሱ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው። አቅጣጫውን ቀይሬ ወደ ኋላ አዞርኩት፤ የምታየው ነገር አልተለወጠም።

ማይክሮፎን የቆመው እንደ እሷ ከጎን ነው። በአንድ ቦታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚመዘገበው አንድ ተራ ቁጥር፣ በሒሳብ ቋንቋ ሪል ቁጥር ነው፤ ወደ ጎን የሚባል ሁለተኛ ልኬት የለውም። የትራንስፎርሙ ቀስቶች ግን የሚዞሩ ናቸው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አንዱ ወደ ግራ። በ100 ሄርዝ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ሲሰጠው፣ ትራንስፎርሙ ይህ ነገር ወደ አንዱ ወገን ይዞራል ብሎ ለመፍረድ ምንም ማስረጃ የለውም፤ ስለዚህ ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፤ ግማሹን ለፖዚቲቭ 100፣ ግማሹን ለኔጌቲቭ 100። ሁለቱ ቀስቶች በእኩል ፍጥነት ወደ ተቃራኒ ሲዞሩ ወደ ጎን የሚያደርጉት እንቅስቃሴ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ብቻ ተደምሮ ይቀራል። አንዱ የሌላው ኮንጁጌት ነው የሚባለውም ይኸው ነው፤ ርዝመታቸው አንድ ሆኖ የኢማጂናሪ ክፍላቸው ምልክት የተገለበጠ ነው። ኔጌቲቭ ድግግሞሽ ብዙ ተማሪ እንደ ሒሳብ ተንኮል ይቆጥረዋል። እኔ የምቆጥረው የማናውቀውን አቅጣጫ አናውቅም ብሎ በቁጥር እንደ መጻፍ ነው።

ከዚህ በኋላ የ7900 ነገር የአቆጣጠር ጉዳይ ብቻ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ቢኖቹን ከ0 እስከ 7999 ይቆጥራቸዋል፤ ኔጌቲቭ የሚባል ቦታ ስለሌለው ኔጌቲቭ 100 ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ 7900ኛው ላይ ይቀመጣል። ከ12 ሰዓት ወደ ኋላ አንድ ሰዓት ስንሄድ 11 ላይ እንደምንደርሰው ያለ ነው።

ልጅቷ ወዲያው ያነሳችው ጥያቄ በጣም ደስ አለኝ። «8000 ቁጥር አስገብቼ 8000 ኮምፕሌክስ ቁጥር ከወጣ፣ እያንዳንዱ ኮምፕሌክስ ሁለት ቁጥር ስለሆነ 16000 ሆነ ማለት ነው፤ ትርፉ ከየት መጣ?» አለች። ትርፍ የለም። ከ1 እስከ 3999 ያሉት ቢኖች እያንዳንዳቸው በላይኛው ግማሽ አንድ ነጸብራቅ አላቸው፤ ስለዚህ አዲስ ነገር የሚናገሩት እነዚህ 3999 ብቻ ናቸው፤ በሁለት ቁጥር 7998 ይሆናሉ። ዜሮኛው ቢንና 4000ኛው ቢን ግን ነጸብራቃቸው ራሳቸው ናቸው። የራሱ ኮንጁጌት የሆነ ቁጥር የኢማጂናሪ ክፍሉ ዜሮ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛሉ። 7998 ሲደመር 2፣ 8000። የገባው ሁሉ ወጣ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልበዛ። ለሪል ቁጥሮች ብቻ ተብለው የተዘጋጁት የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ፋንክሽኖች 8000 ናሙና ተቀብለው 4001 ቢን ብቻ የሚመልሱት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ 8001 ናሙናም የሚሰጠው 4001 ቢን ነው፤ ናሙናው ጎዶሎ ሲሆን የመጨረሻው ብቸኛ ቢን አይኖርምና። ስለዚህ ከስፔክትረሙ፣ ማለትም ትራንስፎርሙ ካወጣቸው ቢኖች፣ ወደ ድምፁ መመለስ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን የናሙና ብዛት ለፕሮግራሙ መንገር አለበት፤ ካልነገረው ፕሮግራሙ ብዛቱ ተጋማሽ ቁጥር ነው ብሎ ይገምታል፤ በጎዶሎ ቅጂ ላይ አንድ ናሙና ይጠፋል፤ የቀሩትም ቦታቸውን ይስታሉ።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በልጅቷ ሥዕል ላይ የ100 ሄርዙ ጫፍ ቁመት 1200 ነበር። ለ8000 ስታካፍለው 0.15 አገኘች። ናሙናዎቹ ላይ ያለው ሞገድ ግን በግልጽ ወደ 0.3 ይጠጋል። የጎደለው ግማሽ 7900 ላይ ተቀምጧል። የላይኛውን ግማሽ ስንጥል የታችኛውን በሁለት ማባዛት ያለብን ለዚህ ነው፤ በአጭሩ የቢኑን ርዝመት በ2 አባዝቶ ለናሙናው ብዛት ማካፈል። ዜሮኛውና 4000ኛው ግን ድርሻቸውን ለማንም አላካፈሉም፤ ስለዚህ በሁለት አይባዙም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የአንድ ባትሪ መሙያን ውጤት ስመረምር ሁሉንም ቢን በጅምላ በሁለት አባዝቼ፣ ዜሮኛው ቢን ላይ የሚቀመጠውን፣ 12 ቮልት የሆነውን ቀጥተኛ (የማይመላለስ) ቮልቴጅ 24 ብዬ በሪፖርት ጽፌአለሁ። ባትሪው ላይ ቮልትሜትር ያደረገ ባልደረባዬ ባይደርስበት ኖሮ መሙያው ይጣል ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንኛውንም ስሌት በእውነተኛ ቅጂ ላይ ከማዋሌ በፊት መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን ሞገድ ሠርቼ አስገባለሁ፤ ቀጥተኛው 1፣ የ100 ሄርዙ ኮሳይን 0.3፣ የ4000 ሄርዙ ኮሳይን 0.2 ይሁን እላለሁ፤ ሦስቱም እንደገቡ ካልወጡ ወደ ፊት አልሄድም።

በኃይል ሲሰላ ደግሞ ሕጉ ትንሽ ይለያል፤ እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ0.3 ሞገድ ለሁለት ሲከፈል 0.15 እና 0.15 ነው፤ የእያንዳንዱ ካሬ 0.0225፣ የሁለቱ ድምር 0.045። ይህ በትክክል የ0.3 ካሬ ግማሽ፣ ማለትም የሞገዱ አማካይ ኃይል ነው። እንግዲህ ኃይል የሚያሰላ ሰው የካሬውን መጠን በሁለት ያባዛል። አስቀድሞ አምፕሊቲዩዱን (የሞገዱን ቁመት) በሁለት አባዝቶ ከዚያ ካሬ ያደረገ ሰው ግን አራት እጥፍ አድርጎታልና ከእውነተኛው ኃይል እጥፉን ያገኛል።

እስከዚህ ድረስ እትዬ የሚሉት መርገብገብ የት እንዳለ አላገኘንም ነበር። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሳህን ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ በደቂቃ 1440 ዙር ይላል። 1440 ዙር በደቂቃ ማለት 24 ዙር በሴኮንድ ነው። የሞተሩ ማግኔት በእያንዳንዱ የመብራት ዑደት ሁለት ጊዜ ብረቱን ስለሚስብ፣ የ50 ሄርዝ መብራት የ100 ሄርዝ ጉምጉምታ ይፈጥራል፤ ይህ ጤናማ ነው። መርገብገብ ግን የአንድ ድምፅ መጠን በየጊዜው ከፍ ዝቅ ማለት ነውና፣ በስፔክትረም ላይ ከዋናው ጫፍ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት የሚቆሙ ሁለት ትንንሽ ጫፎች ሆኖ መታየት ነበረበት። በአንድ ሴኮንዱ ቅጂ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም፤ የመቶው ጫፍ ግራና ቀኝ እንደ ተራራ ግርጌ ሰፍቶ አካባቢውን ሸፍኖታል።

ይህ ሽፋን መፍሰስ የሚባለው ነው። የመስመሩ ድግግሞሽ 50 ላይ ተቸንክሮ አይቆምም፤ 49.8 ሲሆን ጉምጉምታው 99.6 ይሆናል፤ ቢኖቹ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ቅጂ ውስጥ በ1 ሄርዝ ልዩነት የቆሙ ናቸው። በሁለት ቢኖች መካከል የወደቀ ሞገድ ለሁሉም ቢን ጥቂት ጥቂት ይደርሳል። በመካከል በትክክል ቢወድቅ የቅርቡ ቢን የሚያሳየው ከእውነተኛው ቁመት 64 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ጎረቤቶቹ ፈሷል። መፍትሔው ቅጂውን መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ዜሮ የሚያወርድ መስኮት ማልበስ ነው። እኛ የተጠቀምነው በኦስትሪያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ በዩሊየስ ፎን ሃን ስም የሚጠራውን ነው። የሃን መስኮት ዋናውን ጫፍ በእጥፍ ያሰፋዋል፣ ከዚያ ራቅ ያለውን ፍሳሽ ግን በፍጥነት ያደርቀዋል። የናሙናዎቹን አማካይ ክብደት በግማሽ ስለሚቀንስም ቁመቱን ለማወቅ እንደገና በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል፤ ይህኛው ሁለት ከነጸብራቁ ሁለት ጋር እንዳይምታታ በፕሮግራሙ ውስጥ ለየብቻ እንዲጻፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ መፍሰስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ነጸብራቁም ይፈስሳል። 100 ሄርዝ ላይ ላለ ጫፍ ነጸብራቁ 200 ቢን ርቆ ስለሚገኝ ፍሳሹ አይደርስበትም። በግማሽ ሴኮንድ ቅጂ 3 ሄርዝን የሚፈልግ ሰው ግን ጫፉ ከዜሮ አንድ ቢን ተኩል፣ ከነጸብራቁም ሦስት ቢን ብቻ ይርቃል፤ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ የሚያነበው ቁመትም ሞገዱ ከየት እንደጀመረ እየተከተለ ይለዋወጣል። የላይኛውን ግማሽ ከሥዕሉ ላይ መቁረጥ ይህንን አያድነውም፤ ፍሳሹ አስቀድሞ ገብቷልና። የሚያድነው ብዙ ዑደት እስኪያልፍ ድረስ ረዘም አድርጎ መቅዳት ብቻ ነው።

ስለዚህ መብራት ሲመጣ 10 ሴኮንድ ቀዳን። 80000 ናሙና ሆነ፤ ቢኖቹም በ0.1 ሄርዝ ተቀራረቡ። አንዳንዶች አንድ ሴኮንዱን ቅጂ በዜሮ አስረዝሞ ይህንኑ ማግኘት ይቻላል ይላሉ፤ ዜሮ መጨመር በነበረው ኩርባ ላይ ተጨማሪ ነጥቦችን ይስላል እንጂ ያልተቀዳውን ዘጠኝ ሴኮንድ አያመጣም፤ ተጠጋግተው የተዋሃዱ ሁለት ጫፎችንም አይለያይም። የሃን መስኮት አልብሰን ስናሰላው የመቶው ጫፍ ቀጠነ፤ በግራውና በቀኙም በ5.1 ሄርዝ ርቀት ሁለት ትንንሽ ጫፎች ቆመው ተገኙ።

በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል የሚሆነው ምንድን ነው? ሞተሩ 24 ጊዜ ይዞራል፤ የሞተሩ ኩሽኔታ ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚሰጡት ድግግሞሽም ከአምስት የሚበልጥ ነው። ከማንኛውም የሚዘገየው ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ችንጋው ነው። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ በሜትር ለካነው፤ የፑሌጃው ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሃሉ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የችንጋው ዙሪያ 3 ሜትር። በአንድ ዙር 63 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚጓዝ ችንጋ በ24 ዙር 15 ሜትር ይሄዳል፤ ሦስት ሜትሩን በሴኮንድ አምስት ጊዜ ይጨርሰዋል። ችንጋውን በእጃችን እያዞርን ስናየው በአንድ ቦታ ላይ የውስጥ ጎኑ ተልጦ ክሩ ብቅ ብሏል። ይህ ቦታ ፑሌጃው ላይ በደረሰ ቁጥር ይመታል። እትዬ በማግስቱ አዲስ ችንጋ አስገቡ፤ በአዲሱ ቅጂ ላይ ሁለቱ ትንንሽ ጫፎች ከተራው ጫጫታ በታች ወርደዋል።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለልኝም። ከሳህኑ ላይ በተነበበው 24 ዙር የሚሰላው 5.03 ሄርዝ ነው፤ የለካነው ደግሞ 5.1። በ0.1 ሄርዝ ቢን ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ስላልተጫነበት ከሳህኑ በላይ እየፈጠነ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ችንጋው ደግሞ በጥቂቱ ስለሚንሸራተት ከችንጋው ተነስቶ የሞተሩን ፍጥነት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የስልኩ ማይክሮፎን 24 ሄርዝን ለመስማት ደካማ ነው። ስለዚህ ዙሩን በዓይን ለመቁጠር ወሰንን፤ እርሳሱን አውጥተን በፑሌጃው ፊት ላይ አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ብቻ ትተን በስልኳ ቪዲዮ አነሳን፤ በሴኮንድ 30 ፍሬም፣ ለ10 ሴኮንድ፣ 300 ፍሬም።

በቪዲዮው ላይ ፑሌጃው ወደ ኋላ ይዞራል። ከቆምንበት ሲታይ ሞተሩ የሚዞረው ወደ ግራ ሲሆን በስክሪኑ ላይ ግን በዝግታ ወደ ቀኝ ሲዞር ይታያል። ካሜራውም ናሙና ወሳጅ ነው፤ 24 ዙር የሚዞር ነገር በ30 ፍሬም ሲነሳ በእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ያ ጉድለት በሴኮንድ 6 ዙር ወደ ኋላ ሆኖ ይታያል። ልጅቷ በየፍሬሙ የፕላስተሩን ቦታ የሚፈልግ አጭር ፕሮግራም ጻፈች፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም የአግድምና የቁመት ሁለት ቁጥሮች አገኘን።

በመጀመሪያ ቁመቱን ብቻ ለትራንስፎርሙ ሰጠነው። 57ኛውና 243ኛው ቢን ላይ ሁለት እኩል ጫፎች ወጡ፤ እንደ ማይክሮፎኑ ሁሉ ከጎን የቆመ ሰው የሚያየው ነው። እንደ ልማዴ የላይኛውን ግማሽ ብጥል የሚቀረው 57፣ ማለትም 5.7 ሄርዝ ነበር። ቀጥለን አግድሙን ሪል፣ ቁመቱን ኢማጂናሪ አድርገን አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ሠራንና አስገባነው። አሁን ፊት ለፊት እንደቆመ ሰው ነን፤ አቅጣጫው ተመዝግቧል፤ ነጸብራቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ጫፉ 57 ላይ ወጣ፤ በቪዲዮ ሥዕል ላይ ቁመት የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ አቅጣጫው ተገልብጦ ነበር። የቁመቱን ምልክት ስንቀይር ጫፉ ወደ 243 ተሻገረ። ቢኖቹ በ0.1 ሄርዝ የቆሙ ናቸውና 243ኛው ቢን 24.3 ነው። ፍሬሞቹ ራሳቸው 24.3 ወደ ፊትን ከ5.7 ወደ ኋላ አይለዩም፤ የሞተሩ ሳህን ግን ይለያቸዋል። ሞተሩ በሴኮንድ 24.3 ዙር ይዞራል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃና በ3 ሜትር ችንጋ 5.1 ይሰጣል።

57 ላይ ግን አንድ ትንሽ ጫፍ ቀርቶ ነበር፤ የትልቁ 3 በመቶ ያህል። ልጅቷ የስሌት ስህተት መሰላት። ስህተት አልነበረም። ስልኩ ከፑሌጃው ፊት ለፊት በትክክል ስላልቆመ ክቡ በጥቂቱ ተጨፍልቆ ተነስቷል፤ የተጨፈለቀ ክብ ደግሞ ወደ ተቃራኒ የሚዞሩ የአንድ ትልቅና የአንድ ትንሽ ክብ ድምር ነው። ከ3 በመቶው ተነስተን ስናሰላ ስልኩ ወደ ጎን የዞረው 20 ዲግሪ ገደማ ሆነ፤ ወለሉ ላይ በክር ስንለካውም ከዚያ አልራቀም። ከዚያ ልጅቷ ስልኩን ደረጃ በደረጃ ወደ ጎን እያዞረች ደጋግማ ቀዳች። በእያንዳንዱ ቅጂ 57 ላይ ያለው ጫፍ እያደገ ሄደ፤ 60 ዲግሪ ላይ የ243ቱ ሲሶ ደረሰ። ከዚያ በላይ ፕላስተሩ በደንብ አይታይምና አቆምን፤ በወረቀት ላይ ግን ኩርባውን እስከ 90 ዲግሪ ድረስ ሳለችው፤ እዚያ ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው፤ ማይክሮፎኑ የቆመበት ቦታ ነው።